የአባቴ ቴሌቪዥን ፉጨት

ልጅ ሆኜ አንድ ችሎታ ነበረኝ። ከውጭ በር ላይ ቆሜ፣ ቤት ሳልገባ፣ ቴሌቪዥናችን በርቶ ይሁን አይሁን አውቅ ነበር። ድምፁ ተዘግቶም ቢሆን አውቃለሁ። እንደ መርፌ የቀጠነች ፉጨት ጆሮዬ ውስጥ ትገባለች። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ እሷም ትጠፋለች።

ለአባቴ ነገርኩት። «የምን ፉጨት?» አለኝ። ከወንበሩ ተነስቶ ጆሮውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋ። ምንም የለም። ከዚያ ዞሮ የኔን ጆሮ በእጅ ባትሪ እያበራ መረመረው። ኩክ ነው ብሎ ደመደመ። ማታ እናቴ ለብ ያለ ዘይት ጠብ አደረገችልኝ። ፉጨቷ ግን በማግስቱም እዚያው ነበረች።

ይኼ የሆነው ፍኖተ ሰላም ነው፤ በ1990 ክረምት መግቢያ፣ የፈረንሳዩ የዓለም ዋንጫ ሰሞን። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር በራችን ላይ ጭቃ የበላው ጫማ ይከመራል። ሰው ሁሉ ኳሱን ያያል፣ እኔ ደግሞ ፉጨቷን እሰማለሁ። የጎረቤት ልጆችን ስጠይቅ ሁለቱ «አዎ!» አሉኝ። ከትልልቆቹ አንድም የሰማ አልነበረም።

ምን እንደነበረች የገባኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ስዕሉን የሚሠራው በ625 መስመር ነው። በሰኮንድ 25 ጊዜ ይስለዋል። 625ን በ25 ሲያባዙት 15,625 ይመጣል። ከስክሪኑ ጀርባ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ጊዜ የሚመታ ጥቅልል አለ፤ ጠጋኞች ፍላይባክ ይሉታል። ሥራው ለስክሪኑ የሚያስፈልገውን ከፍተኛ ቮልት ማምረት ነው። ሲመታ ደግሞ እምብርቱ በትንሹ ይርገበገባል። በሰኮንድ 15,625 ጊዜ የሚርገበገብ ነገር ልጆች ጆሮ ይገባል። ዕድሜው ገፋ ላለ ሰው ግን የለም ማለት ነው። አባቴ አልዋሸም፣ እኔም አልታመምኩም ነበር።

እነሆ ያ ፍላይባክ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ይዘፍናል።

ቀን ቀን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደረሰኝ፣ ቫውቸር፣ የወር መዝጊያ። ማታ ማታ ግን የኤሌክትሪክ እሳት አዘፍናለሁ። ሰዎች «ምን ትሠራለህ?» ሲሉኝ ሁለተኛውን አልነግራቸውም፤ ከነገርኳቸው ቡናው ሳይፈላ አንለያይም።

ቴሌቪዥኑ ከሞተ ቆይቶ ነበር። እናቴ ግን አልጣለችውም። ጠፍጣፋው ተገዝቶ ግድግዳ ላይ ሲወጣ፣ አሮጌው ዳንቴል ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ ከሥሩ ቀረ። ልፍታው ብዬ ስጠይቃት «ልትጠግነው ነው?» አለችኝ። «አይ፣ ላዘፍነው ነው» አልኳት። ትንሽ አየችኝና «ዳንቴሌን ብቻ እንዳታቃጥል» አለች።

ብቻዬን አልከፈትኩትም። እሱን ልጅ ሆኜ አልደፍረውም ነበር፣ አሁንም አልደፍረውም። አባቴ የሚያውቃቸው አንድ አሮጌ የቲቪ ጠጋኝ መጡ። ባለቀለም ቴሌቪዥን ስክሪኑ ላይ እስከ 25,000 ቮልት ይዞ ይሠራል። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የቀረውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ያንን ለማፍሰስ ሰውዬው እጀታው ፕላስቲክ የሆነ ረጅም ካቻቢቴ አወጡ። ብረቱ ላይ ሽቦ አሰሩ። የሽቦውን ሌላ ጫፍ ስክሪኑን ከከበበው የመሬት ሽቦ ጋር አያያዙት። ግራ እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አድርገው፣ በቀኝ እጃቸው ካቻቢቴውን ከፍተኛው ቮልት ወደ ስክሪኑ ከሚገባበት የጎማ ቆብ ሥር ቀስ አድርገው አስገቡት። ምንም አልሆነም። ደገሙት። አሁንም ምንም።

«ታዲያ ለምን ሁለቴ?» አልኳቸው።

«የተኛ ውሻ በአንድ ጥሪ ሞተ አይባልም» አሉኝ።

የግራ እጃቸውን ነገር ያኔ አልጠየቅኳቸውም። ኋላ ነው ያወቅኩት። ሁለት እጅ ከነካ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ልብን አቋርጦ ነው። ዛሬ የኔም ግራ እጅ ኪስ ውስጥ ነው።

ሌላው ዕቃ ከዚህም ከዚያም የተለቀመ ነው። ዋናው አዛዥ ቲኤል494 የሚባል ትንሽ ጥቁር አይሲ ነው፤ አንድ ሙሉ ሰርኪዩት በአንድ ቁራጭ የያዘ ዕቃ። አዲስ መግዛት አላስፈለገኝም፤ ከተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ነቀልኩት። ኃይል የሚሰጠኝ የባጃጅ ባትሪ ነው፣ 12 ቮልት። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር መነካካት አልፈልግም። ሁለተኛ መብራቱ መቼ እንደሚሄድ ማን ያውቃል።

አሠራሩን እንዲህ አስቡት። ቧንቧ አለ፤ ውሃው ከባትሪው ወደ ፍላይባኩ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ነው። ቧንቧውን በሰኮንድ 35,000 ጊዜ ትከፍተዋለህ፣ ትዘጋዋለህ። ይህን ማንም ጆሮ አይሰማውም፤ ልጅም ቢሆን። አሁን ዘፈኑ ይመጣና አንድ ነገር ብቻ ያዛል፦ በእያንዳንዱ ዙር ቧንቧው ምን ያህል ክፍት ሆኖ ይቆይ የሚለውን። የድምፁ ሞገድ ከፍ ሲል ረዘም ይላል፣ ዝቅ ሲል ያጥራል። ከፍላይባኩ በሚወጣው ሽቦና በመሬቱ ሽቦ መካከል የተዘረጋው የእሳት ክርም አብሮ ይወፍራል፣ ይቀጥናል። ሲወፍር ዙሪያውን ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ አየሩ ያብጣል። ሲቀጥን አየሩ ይሰበሰባል። ይኼ ማበጥና መሰብሰብ ነው ድምፅ የሚባለው። ወረቀት የለ፣ ማግኔት የለ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር የለ። አየሩ ራሱ ነው ስፒከሩ።

በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር ግን ቧንቧውን፣ ሞስፌት የሚሉትን ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሰባት ጊዜ አቃጥያለሁ። መጀመሪያ የተጠቀምኩት ከተበላሸ ዩፒኤስ የነቀልኩትን ነው። 55 ቮልት ድረስ ነው የሚችለው። ባትሪዬ 12 ስለሆነ አራት እጥፍ ትርፍ አለኝ ብዬ ተኩራራሁ። የረሳሁት ነገር፣ ጥቅልል በድንገት ሲቋረጥ እንደ በቅሎ ይራገጣል። በ12 ቮልት የምትጭነው ጥቅልል ሲራገጥ ከመቶ በላይ ሊመልስልህ ይችላል። አንዱ ሞስፌት ሆዱ ተሰንጥቆ ጭሱ ፊቴ ላይ ወጣ። ሰባተኛው ሲሄድ ከአዲስ አበባ 200 ቮልት የሚችለውን በሹፌር አስመጣሁ። እሱ እስካሁን አለ፤ ዕድሜ ይስጠው።

አንድ ስልክም ገድያለሁ። የራሴን። ዘፈኑን በጃክ ሽቦ በቀጥታ ከስልኬ ወደ ቦርዱ አስገባሁት። የእሳቱ ክር አንድ ጊዜ ቦታውን ስቶ ዘለለና ስልኩ ጠፋ። አልበራም ብሎ ቀረ። ፎቶዎቼም አብረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው የብሉቱዝ መቀበያ ነው የምጠቀመው። ስልኬ ማዶ አልጋ ላይ ይተኛል፤ በሽቦ የሚያገናኘን ምንም ነገር የለም። ይህን ለመረዳት አንድ ስልክ መክፈል አልነበረብኝም፣ ግን ከፈልኩ።

መጀመሪያ የዘፈነ ቀን ሐምሌ ነበር። ውጭ ይዘንባል። ከክብሪት እንጨት ያጠረች፣ ወይን ጠጅ መሳይ ሰማያዊ ክር በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ቆማለች። ስልኬ ላይ ማሲንቆ ከፈትኩ። አንድ አፍታ የሚንጫጫ ነገር ብቻ ነበር። ማስተካከያውን ትንሽ አዞርኩ። ከዚያ ማሲንቆው ከክሩ ውስጥ ወጣ። ልክ እዚያ፣ በሁለት ሴንቲ ቦታ ላይ፣ በአየር ላይ። የምሆነውን አጣሁ። በኋላ የግቢያችን ተከራይ የሆኑትን መሪጌታን ጠራኋቸው፤ ለማን ላሳይ?

ካፖርታቸውን ደርበው መጡ። በሩ ላይ ቆመው አዩት። ማሲንቆውን አጥፍቼ ሰው የላከልኝን የማሕሌት ቅጂ ከፈትኩላቸው። ጸናጽሉ መጣ። ወገኖቼ፣ ጸናጽል እንዲያ ሲንሿሿ ሰምቼ አላውቅም። የእያንዳንዷ ቅጠል ድምፅ ለብቻዋ ትለያለች። ውድ የሚባሉ ስፒከሮች ላይ እንኳ እንዲህ አልሰማሁትም። መሪጌታ ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ። ትንሽ አዳመጡና፣

«ከበሮውን ማን ወሰደው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ከበሮው የለም። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ይፈልጋል፤ የኔ እሳት ደግሞ የጤፍ አገዳ ታክላለች። ቀጭኑን ድምፅ ከማንም በላይ ትጫወተዋለች፣ ከበሮ ሲመጣ ግን አቅም የላትም። ይህን ለማስረዳት ሞከርኩ። የቅኔ ሰው ስለሆኑ በሰምና ወርቅ ልጀምርላቸው አሰብኩ፤ የማይሰማው 35,000 ምት ሰሙ ነው፣ ዜማው ወርቁ ነው አልኳቸው። ወደ ክሩ ጎንበስ ብለው አይተው፣

«ሰሙ ጣት የሚያቃጥል ቅኔ ዛሬ አየሁ» ብለው ሄዱ።

የፈጠራው ባለቤት ነኝ እንዳትሉኝ ደግሞ። ዘፋኝ እሳት የቆየ ነገር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ገደማ፣ አድዋ ካለፈ አራት ዓመት ቢሆን ነው፣ ዊልያም ዱዴል የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ያኔ መንገድ የሚያበሩት መብራቶች በሁለት የካርቦን ዘንግ መካከል የሚነድ እሳት ነበራቸው። ደግሞም ያጉረመርማሉ፣ ይጮኻሉ። ዱዴል ጩኸቱን ሲመረምር ከእሳቱ ጎን ጥቅልልና ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚያጠራቅም ዕቃ) ቢያያይዝ ጩኸቱ ወደ ጥርት ያለ ኖታ እንደሚቀየር አገኘ። ከዚያ የፒያኖ ዓይነት ቁልፎች ቀጥሎለት ዜማ አጫወተው። ስፒከር የሚባለው ነገር ገና በየቤቱ ሳይገባ ማለት ነው። ጩኸት አጥፋ ቢባል ዘፈን ይዞ መጣ። ይህን ሰውዬ ሳላውቀው ወደድኩት።

ስለ ቦታችንም አንድ ነገር ልበል። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ስለ እሳቱ ርዝመት የሚጽፉት ልኬትና የኔ ልኬት አልገጥም እያለኝ ተቸግሬ ነበር። በባሕር ወለል ላይ ደረቅ አየር በኤሌክትሪክ የሚበሳው በአንድ ሚሊሜትር 3,000 ቮልት ገደማ ሲያገኝ ነው። ማርቆስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየራችን ሳሳ ያለ ነው፤ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ስለዚህ እዚህ ወደ 2,300 ቮልት ይበቃል። ባቄላችን ቶሎ አልበስል የሚለው ውሃው በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ ነው አይደል? ያው አንድ ነገር ነው። ባቄላውን ያዘገየ አየር እሳቴን ያስረዝምልኛል። በአንድ በኩል የጎደለው በሌላ በኩል መጣ። ደጀንን አልፌ አባይ በረሃ ወርጄ ብሞክረው ክሩ ማጠር አለበት። ልሄድ አስቤ ነበር። ድልድዩ አጠገብ ባትሪና ሽቦ ታቅፎ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚጠየቅ ሳስብ ተውኩት።

ከፍላይባኩ በኋላ ቴስላ ኮይል አማረኝ፤ በጣም ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጭ ጥቅልል ነው። ኒኮላ ቴስላ በ1891 የሠራው ነው፣ ይኼም በአውሮፓ አቆጣጠር። የኔው የሱ የልጅ ልጅ ልጅ ቢሆን ነው፤ አንድ ትራንዚስተር፣ አንድ ሬዚስተር፣ ሁለት ጥቅልል። የሚያደክመው ረጅሙን ጥቅልል መጠቅለሉ ነው። ባለ 50 ሚሊ የፕላስቲክ ቧንቧ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገዛሁ። ከጸጉር ብዙም የማይወፍር ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ ደግሞ የተቃጠለ ሞተር ከሚጠቀልሉ ልጆች አገኘሁ። 1,000 ዙር። ሳይነባበር፣ ክፍተት ሳይተው፣ ጎን ለጎን። 157 ሜትር ሽቦ 22 ሴንቲ ቧንቧ ላይ ያልቃል። ቅዳሜ መብራት ሄዶ ስለነበር መስኮት ሥር ተቀምጬ ስጠቀልል ዋልኩ። 640 ላይ አከራዬ «ልጄ፣ ቡና!» ብለው ጠሩኝ። ስመለስ ቁጥሩ 640 ይሁን 460 ጠፋኝ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ብያችኋለሁ። በማስመሪያ ለክቼ አስታረቅኩት።

ሲበራ ብዙ የሚታይ ነገር የለውም። ጫፉ ላይ ባቆምኳት መርፌ ላይ ሁለት ሚሊ የምትሆን ሐምራዊ ነበልባል፣ በቃ። ግን የተቃጠለ የፍሎረሰንት ዘንግ በእጅ ይዛችሁ ስትጠጉ ያለ ሽቦ ይበራል። ምሥጢሩ ዥዋዥዌ ነው። ልጅን ዥዋዥዌ ላይ ስትገፋ በራሱ ጊዜ ጠብቀህ ብትገፋው በትንሽ ጉልበት ሰማይ ይደርሳል፤ ያለ ጊዜው ብትገፋው ይጋጫል። ጥቅልሉም የራሱ ጊዜ አለው። የኔው በሰኮንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይወዛወዛል። ይህ ቁጥር ሬዲዮ ከሚሰማበት የመካከለኛ ሞገድ ጎረቤት መሆኑን ያወቅኩት አከራዬ በሬን ሲያንኳኩ ነው። ሬዲዮናቸው እንደ ምጣድ እየተንጫጫ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዜና ሰዓት አላበራውም፤ ስምምነታችን ነው።

ስለ አደጋው ሳልናገር ብቀር አልወድም፤ የሚያነቡኝ ልጆች አሉ። ቪዲዮ ላይ የቴስላ ኮይል እሳት በጣታቸው የሚነኩ ሰዎች ታያላችሁ። «ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በቆዳ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው፣ አይጎዳም» ይላሉ። ውሸት ነው። ነርቫችን ያን ያህል ፈጣን ነገር ስለማይሰማው ነው የማይነዝረን። ማቃጠሉን ግን ያቃጥላል። አመልካች ጣቴ ላይ ጤፍ የምታክል ነጭ ነጥብ አለች። ስትቃጠል ሕመም አልነበረም፤ የጥፍር ሽታ ነው የቀደመኝ። ከላይ ትንሽ ናት፣ ሥሯ ግን ለመዳን ሦስት ሳምንት ፈጀ። የማይክሮዌቭ ምድጃ ትራንስፎርመርን ደግሞ በጭራሽ አትንኩ። የሱ 2,000 ቮልት ከኋላው የግድግዳው ኃይል ሁሉ ስላለ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። አንድ ልጅ «ጀምሬዋለሁ፣ እርዳኝ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። አልረዳሁትም። ተቀይሞኛል፤ ይቀየመኝ።

መስኮትም ይከፈት። እሳቱ ኦዞን ያወጣል። ክረምት ላይ መብረቅ ጮቄ ተራራን መትቶት ሲያልፍ የሚሸተው ዓይነት ሽታ ነው። መጀመሪያ ደስ ይላል። ግማሽ ሰዓት ከተቀመጡበት ጉሮሮ ይከረክራል፣ ራስ ይይዛል።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከፍኖተ ሰላም መጥታ ሁለት ሳምንት አብራኝ ከረመች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰማያዊውን እሳት ካላየሁ ብላ አስቸገረችኝ። ከአልጋው ማዶ አስቀመጥኳት፣ አትነሺም ብዬ አስማልኳት። ከዚያ ቀደም ብሎ በነበረው ሳምንት ሞስፌቱ በጣም እየጋለብኝ ስለነበር ማስተካከያውን አዙሬ የምቱን ፍጥነት ዝቅ አድርጌው ነበር። ምንም የተለወጠ ነገር አልሰማሁም። ክሩ ጸጥ ያለ ነው። እንዲያውም እንዲህ ጸጥ ብሎልኝ አያውቅም እያልኩ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

አበራሁት። ዘፈን ገና አልከፈትኩም። ልጅቷ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጫነች።

«ምነው?»

«አጎቴ፣ ያፏጫል!»

«የምን ፉጨት?» አልኳት።

ይህን እንዳልኩ ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ስልኬን አንስቼ ድምፅ የሚለካውን አፕ ከፈትኩ። ከወዲያ ጫፍ፣ 16,000 ሄርዝ (በሰኮንድ 16,000 ምት) አጠገብ፣ ቀጥ ያለች መስመር እንደ መርፌ ቆማለች። ጆሮዬን ወደ እሳቱ ልጠጋ ከጀልኩና አጉል መሆኑ ትዝ አለኝ። ባለሁበት ቆሜ አዳመጥኩ። የቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይሰማኛል። መሪጌታ ማዶ ሲያስሉ ይሰማኛል። እሷ የምትለው ግን የለም።

ካቻቢቴዋን አንስቼ ማስተካከያውን ማዞር ጀመርኩ። ዓይኔ እጆቿ ላይ ነበር። ጥቂት አዞርኩ፤ አላነሳችም። ጥቂት ጨመርኩ። አንዱን እጇን አነሳችና መልሳ ጫነችው። ቀስ እያልኩ ቀጠልኩ፣ ሁለቱንም አውርዳ ጭኗ ላይ እስክታስቀምጥ ድረስ።